ሦስተኛው ሴንሰር

ለውድ ወንድሜ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የጅቡቲ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? ያ የወገብ ሕመምህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትል ይይዝሃል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። አባዬም ደም ግፊቱ ከፍ ዝቅ ይልበታል እንጂ ሱቁን አንድ ቀን ዘግቶ አያውቅም። መንገዱ ሲሰፋ በረንዳችን ስለፈረሰ ደንበኛ እንደ ድሮው ተቀምጦ አያወራም፤ ቆሞ ገዝቶ ይሄዳል።

ብደውል እንደማታነሳ ስለማውቅ ነው በወረቀት የጻፍኩልህ። የሚያደርስልህ ጎረቤታችን አማን ነው፤ በከባድ መኪናው ወደቡ ድረስ ይመላለሳል። የጠላቂነት ሥራህን ትተህ መጋዘን እንደምትጠብቅ የነገረኝም እሱ ነው። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ኑሕ ከሞተ ባለፈው ወር ሦስት ዓመት ሞላው። ታናሻችንን ይዘኸው ሐይቁ ውስጥ ገብተህ ሬሳውን ይዘህ ወጣህ። «ድንገት ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ፣ የነከሰው መተንፈሻ ከአፉ ወጣ፣ እስክደርስለት ውኃ ገባበት» ብለህ ስትነግረን ማንም አላመነህም። አባዬ በለቀስተኛው ፊት «ልጄን ጥለኸው ነው የወጣኸው» አለህ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር።

ወንድሜ፣ የተናገርከው እውነት ነበር።

የመጥለቂያ መተንፈሻ መሣሪያውን ከጅቡቲ ያመጣኸው ጊዜ ሳሎን ምንጣፉ ላይ ፈትታችሁ ዘርግታችሁት ነበር። ከሥራ ስገባ አይቼው ሳቅሁ፤ ሆስፒታል በየቀኑ ከምጠግነው የማደንዘዣ ማሽን ጋር አንድ ዓይነት ነበር። የተነፈስከው አየር አይጣልም። በኖራ ውስጥ ሲያልፍ የተቃጠለው አየር ይቀራል፣ የጎደለው ኦክስጅን ይጨመርበታል፣ መልሰህ ትስበዋለህ። እዚህ የጠላቂ ሲሊንደር የሚሞላ ሰው ስላልነበረ ለእናንተ ከዚህ የሚሻል አልነበረም። ኑሕ ኦክስጅን የሚለኩትን ሴንሰሮች እያገላበጠ ለምን ሦስት እንደሆኑ ጠየቀህ። አንተም አንዱ ቢበላሽ ሁለቱ ይመሰክሩበታል አልከው። መሣሪያው ሁለት የተስማሙበትን ያምናል፣ ብቻውን የቀረውን ይተወዋል።

«ሦስቱም አዲስ ካልሆኑ አንገባም» ያልከውም አንተ ነህ። አንዱን አንተ ይዘህ መጣህ። ሁለቱን እኔ ላስመጣ ቃል ገባሁ፣ ዕቃው ግን ጉምሩክ ላይ ቆየ። የሐይቁን ጭቃ ለጥናት እንድታወጡላቸው የቀጠሯችሁ ሰዎች ቀኑን ቆርጠው ነበር። ኑሕ በየቀኑ እየደወለ «ሉብዬ፣ ይህ ካመለጠኝ ሁለተኛ የሚጠራኝ የለም» ይለኛል። የመጀመሪያ ሥራው ነበር፤ ታውቀዋለህ ሲለምን። የአገልግሎት ቀናቸው አልፎ ከማሽን ላይ የፈታኋቸው ሁለት ሴንሰሮች መሳቢያዬ ውስጥ ነበሩ። በአየር ሞከርኳቸው፣ በንጹሕ ኦክስጅንም ሞከርኳቸው፤ ሁለቱም በትክክል አነበቡ። ወልውዬ ሰጠኋችሁ። አዲስ መሆናቸውን ጠየቅኸኝ። «አዎ» አልኩህ።

ሰደቃው ባለፈ በሳምንቱ ፖሊስ መሣሪያውን ሲመልስልን፣ መሣሪያው ራሱ የመዘገበውን ንባብ በኮምፒውተር ከፈትኩት። ኑሕ ሲወርድ የእኔ ሁለቱ አንድ ቁጥር ላይ ደርሰው ቆመዋል። ያረጀ ሴንሰር ግፊት ሲበዛበት ከዚያ በላይ መቁጠር ያቅተዋል። እኔ ጠረጴዛ ላይ ስሞክረው ይህ አይታይም። መሣሪያው ኦክስጅን ያነሰ መስሎት ጨመረ፣ ደግሞ ጨመረ። ያንተ ሴንሰር ብቻ ትክክለኛውን እያሳየ ወደ ላይ ይሄድ ነበር፤ ሁለት ለአንድ ሆነና አልተሰማም። ጥልቀት ላይ ኦክስጅን ሲበዛ ሰውን ያንፈራግጣል። ያየኸው እሱን ነው።

መተንፈሻውን ከራስ ጋር የሚይዘውን ማሰሪያ ባለመግዛትህ ራስህን ስትወቅስ ሰምቼሃለሁ። ማሰሪያው ምናልባት እስክትደርስለት ጊዜ ይሰጠው ነበር። አላውቅም። መንፈራገጡን ያመጣው ግን የእኔ «አዎ» ነው። ሻንጣህን ይዘህ ከቤት ወጥተህ በቁስቋም ቁልቁለት የወረድክ ዕለት ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። በመስኮት አየሁህ። አልጠራሁህም።

ባለፈው ሳምንት ሔለን የምትባል አዲስ ባለሙያ አንድ ሴንሰር ይዛ መጣችና ቀኑ አልፏል ግን በደንብ ያነባል፣ እንተወው ወይ አለችኝ። ጣይው ብያት ወጣሁ። በዚያው ወደ ሱቁ ሄድኩ። አባዬ ዐስር ሰግዶ ተመልሶ ነበር፤ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት።

አልጮኸም። በሩን ገርበብ እንዳደርገው ነገረኝ። ከዚያ ከባንኮኒው ሥር፣ ከንግድ ፈቃዱ ወረቀቶች መሀል፣ ትንሽ ካርቶን አውጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። ያለፈው ቀናቸው የታተመበት የሁለቱ ሴንሰሮች ካርቶን ነው፤ ኑሕ የሞተ ሳምንት ከቆሻሻ ጋር የጣልኩት። አባዬ የብስኩት ካርቶን ሳይቀር ቀኑን አይቶ እንደሚረከብ ታውቃለህ። ለምን እንዳስቀመጠው አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም። «በለቅሶው ቀን አንቺ አጠገቤ ነበርሽ» አለኝ። ቀጥሎም «ለወንድምሽ ጻፊለት» አለ።

ሰኞ ጉዳዩን ወደያዘው ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ለሆስፒታሉም አሳውቄያለሁ። የሚመጣውን እቀበላለሁ። አንተን ይቅር በለኝ ብዬ ለመጠየቅ አፍ የለኝም። አንተ ግን ወንድምህን አልገደልክም፣ ጥለኸውም አልወጣህም። ይህን እንድታውቅ ብቻ ነው።

አላህ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ልብህን ያሳርፍልህ፤ ኑሕንም ጀነትን ይወፍቀው። በምትሄድበት ሁሉ ደግ ሰው ያጋጥምህ።

አባዬ ራሱ ሊጽፍልህ ወረቀት ተቀብሎኝ ነበር። ከዐስር እስከ መግሪብ ይዞት ተቀምጦ ባዶውን መለሰልኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስምህን ከአፉ ሰምቼው አላውቅም። ፖስታው ላይ ስምህን የጻፈው ግን እሱ ነው።

እህትህ