ከአባትሽ መኪና በር ላይ የተፋቀው ጽሑፍ

ጥፋተኛው ወንድምሽ ሃሩን ነው፤ ሰላምታ ሳላስቀድም ይህን ማለቴን ይቅር በይኝ። አሰላሙ ዐለይኩም ልጄ አሚራ፤ ባለሽበት አገር ክፉ አያግኝሽ፣ የአሠሪዎችሽን ልብ አላህ ያራራልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ዝናቡም ዘንድሮ አልጨከነብንም።

የአባትሽን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ዝገት የበላውን አሮጌ ሚኒባስ ሃሩን «ከፋብሪካ እንደወጣ አደርገዋለሁ» ብሎ ዓመት ሙሉ ለፋበት። የዛገውን ቆርጦ በየደ፣ የወንበሩን ልብስ አሰፋ፤ እስከዚህ መረቅሁት። ትናንት ወረኢሉ ገበያ ሊወስደኝ ይዞት መጣ። በሩን ባየው ነጭ፣ ባዶ! «መካነ ሰላም፣ ወረኢሉ፣ ደሴ» የሚለው የአባትሽ የእጅ ጽሑፍ የለም።

«የት አደረስከው?» ብለው፣ «ፋቅሁት እማ፤ ፋብሪካው እኮ አልጻፈውም። አሚራ የላከችው የአዲሱ ሚኒባስ ፎቶ ላይም የለም» አለኝ።

አባትሽ ተሳፋሪ እስኪሞላ ድረስ ጣቴን ይዞ ፊደል ያስቆጠረኝ በዚያ በር ላይ ነው። አርባ አምስት ዓመቴ ነበር። ከ«ወረኢሉ» አላልፍ ስል የመናኸሪያው ሰዎች «እትዬ ዘሊካ፣ ዛሬም ደሴ አልደረሱም?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ደረስኩ! ይህን የምጽፍልሽ በዚያው ፊደል ነው። አንቺም የፋብሪካውን ፎቶ ስትልኪ እኔን አልጠየቅሽም።

ወደዚያ አገር ስትሄጂ በሩን ተደግፈሽ የተነሳሽውን፣ ጽሑፉ የሚታይበትን ፎቶ ፈልገሽ ላኪልኝ። አላህ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ። ሃሩን ግን በሩን ከፍቶ ቢለምነኝም፣ በዚያ መኪና ከእንግዲህ አልሳፈርም።