ለአምስት ሰው የተሠራ አግዳሚ

የተወደድሽ ልጄ፣ ባለሽበት ሰላምሽ ይብዛ፤ ክፉ አይንካሽ።

የወንድምሽ ነገር የታወቀው ማክሰኞ ነው። ምስር እየለቀምኩ ሳለ የእርቅ ሸንጎው መልእክተኛ መጣና «እማማ፣ አናጢው ቃሉን ሰጥቷል። በዚያ በእልቂቱ ሰሞን ልጅዎን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ የቀበርኩበትንም አሳያለሁ ብሏል» አለኝ። አናጢው፣ በራችንን የሠራልን ጎረቤታችን። ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ «እንዴት አደሩ» ሲለኝ፣ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» ስለው ኖረናል።

ሐሙስ ሸንጎው በትምህርት ቤቱ ግቢ ተቀመጠ። ለየሟቹ ቤተሰብ አንድ አንድ አግዳሚ ይሰጣል። የሌላው አግዳሚ በዘመድ ሞላ። እኔ ለአምስት ሰው በተሠራው ላይ ብቻዬን ከመሐል ተቀመጥኩ፤ ዳር ከተቀመጡበት ይንጋደዳል። አናጢው ተንበርክኮ «ይቅር ይበሉኝ፣ እናቴ» አለ። ሰብሳቢው «ምን ይላሉ?» አሉኝ።

«አንዲት ልጅ ቀርታኛለች፤ እሷን ሳልጠይቅ አልመልስም» አልኩ።

ከኋላዬ አንዷ «ባሕር ማዶ ያለች ልጅ ምን ታውቃለች?» አለች።

«ወንድሟን ታውቃለች» አልኳት።

ለሁለት ሳምንት ቀጥረውኛል። ይቅር በዪው ብትዪም፣ አትበዪው ብትዪም አልቀየምሽም፤ ብቻዬን መወሰኑ ከብዶኝ ነው። ስልክ ላይ አልቅሰሽ ከምትዘጊብኝ ጻፊልኝ። ለብርዱም ደርበሽ ልበሺ።

አርብ አናጢው የቀበረበትን ቦታ አሳየን፤ ቅዳሜ ዐፅሙን አሳረፍነው። ቀባሪው ብዙ ነበር፤ ከእኛ ወገን ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። አብረውሽ ለሚኖሩት ልጆችም ደብዳቤዬን አንብቢላቸው። አንቺም እነሱም የወንድምሽን ነፍስ በጸሎታችሁ አስቧት።