የአባትሽ ቢላዋ

ልጄ ነሲባ፣ አላህ በጅዳ ሐሩር ጥላ ይሁንሽ፤ የሰው ፊት ከማየት ይሰውርሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። አሊዩ አምባን ዝናቡ ዘንድሮም ራቃት።

አባትሽ ቢላዋ መሥራት ጀምሯል። ወንድምሽ ፈረጅ ከጦር ሜዳ ሲመለስ ሙክቱን በገዛ እጄ በሠራሁት ቢላዋ ነው የማርደው ብሎ ተስሏል። ዘመዶቹ በስተርጅና ቀጥቃጭ ሆነ እያሉ ሳቁበት። የመኪና ባሌስትራ ያግልና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲነክረው እንደ ብርጭቆ ይሰበርበታል። ሁለቱ እንዲያ ሆኑ። አንድ ቀጥቃጭ በዘይት አቀዝቅዘህ መልሰህ በለስላሳ እሳት አሙቀው ቢለው፣ ሦስተኛው ሰመረለት።

ይህን ለሰው ሳላስጽፍ በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል የምሞነጫጭረው ማንም እንዳይሰማ ነው። ከፈረጅ ጋር የዘመተ፣ አንድ እግሩን ያጣ ልጅ ገበያ ላይ አገኘኝ። ናቅፋ ላይ በእጄ ቀበርኩት አለኝ። ለአባትሽ አልነገርኩትም፤ አፌ እምቢ አለኝ።

ትናንት ቢላዋውን ይዞ መጣ። የክንዱን ፀጉር ላጨበትና "አሁንስ ልጄ ይምጣ" አለኝ። እኔም "ይሄ አያርድም፤ ሌላ ቢላዋ ሥራ" አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ወደ ወናፉ ተመለሰ።

አላህ አንቺን እንኳ ያትርፍልኝ። ብትችዪ ጥሩ ሞረድ ላኪለት፤ ገና ብዙ ቢላዋ ይሠራል።

እናትሽ አፊፋ