ባለ ሦስት አንቴናው ካርድ

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ቡራዩ

ከአሮጌ ኮምፒውተር ለሠራሁት ኢንተርኔት ማከፋፈያ ራውተር የሚሆን ዋየርለስ ካርድ ዛሬ ተገኘ። የበፊቱን ካርድ ራውተሩ ላይ የጫንኩት የፋየርዎል ሶፍትዌር ጨርሶ አላወቀውም ነበር፤ ይሄኛውን ገና ስሰካው ለየው። ደስታዬ ግን አልቆየም። አከራዬ ኦቦ ቱሉ ከግቢ ሆነው በመስኮቱ ሦስቱን ረጃጅም አንቴናዎች አዩና ገቡ።

«ልጄ፣ ይሄ ቀንድ ከመንገድ ይታያል። ወታደሮቹ የመገናኛ ሬዲዮ መስሏቸው ቢገቡስ?»

ኢንተርኔት ነው ልላቸው አሰብኩና ተውኩት። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን የተነሳ ረብሻው ከተነሳ ወዲህ ለማን ምን ይብራራል? አንቴናዎቹን አንድ በአንድ ፈታኋቸው። ካርዱ መሥራቱን አላቆመም፤ ሲግናሉ ግን ከክፍሌ ደጃፍ አያልፍም።

አመሻሽ ላይ ኦቦ ቱሉ ተመልሰው መጡ። «አሁንም ይሠራል?»

«ይሠራል ኦቦ፣ ግን እስከ በሩ ድረስ ብቻ ነው።»

«ይበቃል። ዛሬ ከበሩ የሚያልፍ ማን አለ?»

ይህን ብለው ወጡ። ልጃቸው ጫላ ትናንት ሆለታ እንደሄደ አልተመለሰም፤ መንገዱ ተዘግቷል፣ ስልኩም አይነሳም።

ይኸው ይህን ስጽፍ ኦቦ ቱሉ የግቢውን ብረት በር እንደገና ሲከፍቱ ሰማሁ። እስካሁን አልዘጉትም።