ከአሥራ አራት በፊት አሥራ ሦስት

አጎታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና በሐኪም ቤት ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው፣ ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ሆነው ከሰማንያ አንድ ዓመት በፊት ተወለዱ። ያደጉበት ቤት ሁለት ክፍል ነበረው። አንዱን የስፌት መኪናውና የደንበኛ ልብስ ስለያዙት ስድስት ልጆች በሌላው ተፋፍገው ይተኙ ነበር። አባታቸው ጨርቅ ከመቁረጣቸው በፊት በጠመኔ የሚያሰምሩላቸው እሳቸው ነበሩ። መስመሩ ከጠመመ ጨርቁ ይበላሻል፤ ጨርቁ ከተበላሸ የቤቱ ሰላም ይደፈርሳል። እጃቸው የተገራው እዚያ ነው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው በተወለዱበት ሰፈር አጠናቀው በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ቴክኒክ ኮሌጅ ገቡ፤ የሕንፃ ንድፍም ተማሩ። ክፍሉ ሠላሳ አንድ ተማሪ ነበረው። የአጎታችን ተራ ቁጥር አሥራ አራት ነበር። ጓደኞቻቸው «ማስመሪያ» የሚል ቅጽል አወጡላቸው፤ ስሙ ተጣብቆባቸው ቀረና እኛም ጋሽ ማስመሪያ እያልን አደግን። ቁጥር አሥራ ሦስት ደግሞ አንድ የንድፍ ጠረጴዛ የሚጋሯቸው፣ ከመክሳታቸው የተነሣ «ቀጮ» የሚባሉ ወዳጃቸው ነበሩ። ጋሽ ቀጮ ሐሳብ እንደ ውኃ የሚወርድላቸው ሰው ቢሆኑም እጃቸው ዝርክርክ ነበር፤ ከወረቀታቸው ላይ የእርሳስ ጥላሸትና የዳቦ ፍርፋሪ አይጠፋም። አጎታችን በፊናቸው ከራሳቸው የሚያፈልቁት ሐሳብ እምብዛም እንዳልነበራቸው በመጨረሻ ሕመማቸው ወቅት ራሳቸው ነግረውናል። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላ ነበርና ሦስት ዓመት ሳይነጣጠሉ ተማሩ።

በመጨረሻው ዓመት ኮሌጁ ለከተማው ገበያ የሚሆን ጣራ እንዲነደፍ ተማሪዎቹን አወዳደረ። ዳኞቹ እንዳያዳሉ በንድፉ ላይ ስም አይጻፍም ነበር። በወረቀቱ የቀኝ ጥግ፣ ከታች ባለች ትንሽ ሣጥን ውስጥ፣ ከላይ የነደፈው፣ ከሥር ደግሞ በቀለም የሣለው ሰው ተራ ቁጥር ብቻ ይሰፍራል። ጋሽ ቀጮ ጣራውን በእርሳስ ነድፈው እንደጨረሱ እናታቸው ታመሙባቸውና ወደ ቤተሰባቸው ሄዱ። ሲሄዱም ወረቀቱን ለአጎታችን ሰጥተው «አንተው በቀለም አውጣልኝ፤ እኔ ከነካሁት አበላሸዋለሁ» አሏቸው። አጎታችን በእርሳሱ ሥራ ላይ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት ዘርግተው ሦስት ቀን ሙሉ በቀለም ገለበጡት። ወደ ሣጥኗ ሲደርሱ ግን እጃቸው እንደ ልማዱ ሄደ። ከዚያ በፊት የሠሩት ሁሉ የራሳቸው ብቻ ነበርና ከላይም ከታችም አሥራ አራት ብለው ጻፉ። ስሕተቱን ወዲያው አይተውታል። ያ ወረቀት ቀለሙ በደንብ ከደረቀ በኋላ በምላጭ ይፋቃል። ምላጩን ከወረቀቱ አጠገብ አስቀምጠው ምሳ ሊበሉ ወጡ። ሲመለሱ መምህሩ ሥራዎቹን ሰብስበው ወስደዋል። ተከትለው ሄደው መናገር ይችሉ ነበር፤ አልሄዱም።

ያ ንድፍ አንደኛ ወጣ። ጋሽ ቀጮ ተመልሰው በኮሌጁ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አገኙት፤ ሣጥኗንም ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ «ቀለሙ አምሮበታል» ብለው ወጡ። አጎታችን በዚሁ ሽልማት ምክንያት በሃያ ሁለት ዓመታቸው በማዘጋጃ ቤቱ የንድፍ ክፍል ተቀጠሩ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመትም አገለገሉ። ጣራውም በሁለት ዓመት ውስጥ ተሠርቶ ይኸው እስከ ዛሬ ቆሟል። ጋሽ ቀጮ ለአንድ የሥራ ተቋራጭ የግንባታ ተቆጣጣሪ ሆነው፣ ሌሎች በነደፉት ሥራ ላይ ቆመው ዕድሜያቸውን ጨረሱ።

አጎታችን በሠላሳ ዓመታቸው ከመድኃኒት ቀማሚዋ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ቤታቸው ከገበያው አምስት ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ቢሆንም አንድ ቀን እንኳ ከጣራው ሥር ገብተው አያውቁም። ሥራ ሲሄዱ ገበያውን ላለማቋረጥ በልብስ ንጽሕና መስጫው ዞረው፣ ትምህርት ቤቱን አልፈው፣ ሃያ ደቂቃ ተጉዘው ይደርሱ ነበር። ባለቤታቸው «የኔ ባል ዝናብ አይፈራም፣ ጣራ ነው የሚፈራው!» እያሉ ሲስቁባቸው እኛም አብረን እንስቅ ነበር። ዛሬ ያ ሳቅ ያሳፍረናል።

አርባ ዓመት ሲሞላቸው የኮሌጁ ምሩቃን ማኅበር ጸሐፊ አድርጎ መረጣቸው። በሞት የተለዩ ጓደኞቻቸውን የሕይወት ታሪክ በማኅበሩ ዓመታዊ መጽሔት ላይ የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ። የሟቹ ቤት ሄደው ወንበር ስበው ይቀመጡና ሲቆጣ ምን ይል እንደነበር፣ ሥራ ለብሶት የሚሄደው ኮት የቱ እንደሆነ ሳይቀር ይጠይቃሉ። የጻፉላቸው ቤተሰቦች መጽሔቱን እስከ ዛሬ ከፎቶግራፍ ጋር ያስቀምጡታል። ክፍላቸው በየዓመቱ ሲሰበሰብ ስም የመጥራቱም ሥራ የእሳቸው ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ቁጥሩ ሲጠራ «አቤት» ይላል፤ ለሞተ ሰው ደግሞ ቀጣዩ ቁጥር ቆሞ «አለ» ይልለታል። ቀጣዩም ከሞተ ከዚያ የሚቀጥለው ይመልሳል።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ምሩቅ በጋሽ ቀጮ ደጃፍ ሰው ተሰብስቦ አይቶ «ቀጮ አረፈ» የሚል ወሬ አመጣ። አጎታችን የዚያን ጊዜ ብቻ የሟች ቤት አልሄዱም። ያን ቤት ገብተው ወንበር ስበው መቀመጥ ፈሩ። በሚያውቁት ብቻ አንድ ገጽ ያማረ ታሪክ ጽፈው አወጡ፤ ስለ ጣራው ግን አንዲት ቃል የለበትም። መጽሔቱ በወጣ በሳምንቱ የቢሮ ስልካቸው ጮኸ። «ጤና ይስጥልኝ፤ ሟቹ ነኝ» አለ ድምፁ። ያረፉት የጋሽ ቀጮ ታላቅ ወንድም ኖረዋል። በዚያ ክፍል ይሠሩ የነበሩ ሰዎች አጎታችን ሲነሡ ወንበራቸው መውደቁን፣ ፊታቸውም አመድ መምሰሉን ያስታውሳሉ። ጋሽ ቀጮ አልተቆጡም። «ቆንጆ አድርገህ ጽፈኸኛል። ገበያውን ረሳኸው እንጂ። እንደገና ስሞት አስተካክለህ ጻፈው» አሏቸው። አጎታችንም «እሺ» አሉ።

ጋሽ ቀጮ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ኖረው በእውነት ዐረፉ። አጎታችን ለዚያ የሕይወት ታሪክ ስንት ወረቀት እንደቀደዱ የሚያውቁት ባለቤታቸው ናቸው። በመጽሔቱ ላይ የወጣው ግን «ታሪካቸው ቀደም ሲል መታተሙ ይታወሳል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤታቸው ቤት አልሆነላቸውም። ምሳ ላይ ተቀምጠው ማንም ሳይናገራቸው ማንኪያቸውን አስቀምጠው «አለ» ይላሉ። ባለቤታቸው «ማን ጠራህ?» ሲሏቸው ማንኪያቸውን መልሰው ያነሣሉ። ስልክ ሲጮህ ያነሣ የነበረው ሌላ ሰው ነው። በየዓመቱ ስብሰባ አሥራ ሦስት ብለው ራሳቸው ይጠሩና ራሳቸው «አለ» ይላሉ፤ አሥር ዓመት እንዲህ አለፈ። አምና ግን አሥራ ሦስት ብለው ጠሩና ዝም አሉ። ከሠላሳ አንዱ ከእሳቸው ሌላ የቀሩት ስድስት አዛውንቶች ጠበቋቸው። መዝገቡን ዘግተው ከአዳራሹ ወጡ፤ ከሰባት ቀን በኋላም በልብ ድካም ተኙ።

ይህን የሕይወት ታሪክ የምትጽፈው፣ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ናት። እስካሁን የተነገረውን ሁሉ በአልጋቸው ላይ ሆነው አንድ በአንድ ነገሯት። በመዝገብ ቤቱ የተቀመጠውን የመጀመሪያውን ንድፍ አስፈቅዳ እንድታመጣላቸውም ለመኗት። የክፍሉ ኃላፊ ጉዳዩን ከሰሙ በኋላ በፊርማ ፈቀዱላት። አጎታችን ትራስ ተደግፈው፣ ወረቀቱን በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ በላይኛው መስመር ያለችውን አራት ቁጥር በምላጭ ፋቋት። አንድ ሰዓት ፈጀባቸው፤ ወረቀቱ ግን አልተበሳም። ሦስትን ለመጻፍ ብዕሩን አነሡ። ሦስት ጊዜ ሞክረው ብዕሩን መለሱት። «ይህን በለቅሶዬ ላይ አንብቢው፤ የሱን ሥራ ከኔ አስቀድሚ። ሦስቷን እኔ መጻፍ ስላልቻልኩ የሚገባው ሰው ይጻፋት» አሏት። ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ዐረፉ።

አጎታችን ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሁለት እህቶቻቸውንና ስድስት የክፍል ጓደኞቻቸውን ትተው አልፈዋል። እንደ ቃላቸው ይነገር፦ የገበያውን ጣራ የነደፉት ጋሽ ቀጮ ናቸው። አጎታችን በቀለም ገልብጠውታል። ንድፉ በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ ብዕሩም አብሮት አለ። ከእኛ ጋር ለቅሶ የተቀመጡት የጋሽ ቀጮ ልጅ ፈቃዳቸው ከሆነ ባዶዋን ቦታ ይሙሏት። ካልፈቀዱም አንቀየማቸውም።

ነፍሳቸውን ፈጣሪ በምሕረቱ ይቀበል፤ ያልተናገሩትን ከተናገሩት ጋር አብሮ ይስማላቸው፤ ከወዳጃቸውም ያስታርቃቸው። አሁን የክፍላቸው መዝገብ ይነበባል። ለአሥራ አራት የሚመልሱት ቁጥር አሥራ አምስት የሆኑት የክፍል ጓደኛቸው ናቸው። አሥራ ሦስት ሲጠራ ግን ለእሳቸው ብቻ አንተወው፤ ሁላችሁም ቆማችሁ «አለ» በሉላቸው። አጎታችን ብቻቸውን ሆነው ያቃታቸው እሱ ነበር።