ነጩን ፒክአፕ ግራጫ ያደረግንበት ወር

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3። ጠዋት፣ ሥራ ቦታ።

አጭሩ ወይስ ረጅሙ? ስንት ቀኔ ነው በዚህ ጥያቄ። የጭነት ቦታው አጭር የሆነው ፌርፋክስ መንገድ ላይ ፓርክ ለማድረግ ይመቻል። ረጅሙ ካምፐር፣ ያችን ተጎታች የመንገድ ቤት፣ ሲጎትት አይወላገድም። ዳውንታውን፣ የፓርኪንግ ጋራዡ ምድር ቤት፣ የማናጀር ቢሮ የሚሏት ሳጥን ውስጥ ቁጭ ብዬ የናፍጣ ፒክአፕ ፎቶ አገላብጣለሁ። ሥራው? ሥራው በራሱ ይሄዳል። መኪና ይገባል፣ መኪና ይወጣል።

ካምፐራችን ቫን ናይስ፣ የኪራይ ግቢ ውስጥ ቆማ ዓመት ሊሞላት ነው። አሮጌው ፒክአፓችን አንዴ ብቻ ጎትቷታል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ጨሰ። ሚስቴ ትርሲት ሽታው ምንድን ነው ስትለኝ፣ የሌላ ሰው መኪና ነው አልኳት፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ። ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ አላልንም። ት. ጁን ላይ ከትምህርት ቤቱ ኩሽና ጡረታ ትወጣለች። የካምፐሯን መጋረጃ ሰፍታ ሰቅላለች። ሁለት ወር መንገድ ላይ፣ አንተና እኔ ብቻ፣ ትላለች። ከፋብሪካ የሚታዘዝ መኪና ወራት ይፈጃል። ለጁን እንዲደርስ አሁን ማዘዝ ግድ ነው።

ሁሉም ደህና። አንድ ነገር ብቻ። ለማንም አልተነፈስኩም። ላንተ ልንገርህ፣ አንተ እንደሆነ ወረቀት ነህ፣ የጸሎት ኅብረታችን ዘንድ ሄደህ አታወራም።

ባለፈው ወር ፌርፋክስና ኦሊምፒክ መንገዶች መገናኛ ላይ ቀይ መብራት ያዘኝ። ብቻዬን ነበርኩ። ቆምኩ። ከዚያ ክላክስ። ከኋላ፣ ከጎን፣ ክላክስ ብቻ። መብራቱ አረንጓዴ። አገጬ ደረቴ ላይ፣ እጆቼ ጭኔ ላይ። እግሬ ፍሬኑን እንደረገጠ። እንቅልፍ አይደለም። እንቅልፍን አውቀዋለሁ፣ ዕድሜዬን ታክሲ ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝ። መሃል ላይ ተቆርጦ የወጣ ጊዜ ነው።

ነዳሁ። ቤት ገባሁ። እራት በላሁ። ጣፍጦኝ ነበር፣ ይኼ ነው የሚገርመኝ።

ሐሙስ፣ ፌብ. 5። ማታ።

ቫን ናይስ፣ መኪና መሸጫው። ሻጩ ያቤጽ የኅብረታችን ሰው ልጅ ነው፣ እዚሁ የተወለደ። ጋሼ ይለኝና ወዲያው አንተ ይለኛል፣ ለምጄዋለሁ። ሱፉ ያምርበታል።

ረጅሙን መረጥኩ። ከዚያ ያቤጽ አንድ በአንድ ያነባል፣ እኔ አዎ እላለሁ። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ራሱ መኪናውን የሚይዝበት ብሬክ፣ አዎ። ተጎታቹን ከኋላ የሚያሳይ ካሜራ፣ አዎ። ከመስመር ስትወጣ መሪውን የሚመልስ፣ አዎ። ፊትህ ያለው መኪና ሲቀርብ በራሱ የሚቆም፣ አዎ፣ አዎ።

ያቤጽ ሳቀ። «ጋሼ መኮንን፣ ሲሪየስሊ? ሌሎቹ የድሮ ታክሲ ድራይቨሮች እኮ እኔ አያስፈልገኝም ነው የሚሉት!»

እኔም ሳቅሁ። ሌላው ሰው መኪና ነው የሚያዘው፣ እኔ ሞግዚት ነው የማዘው። ት. ደግሞ ኮራች፣ የእኔ ባል ጥንቁቅ ነው አለችው። አንጀቴን በላችው።

ቀለም ት. መረጠች፣ ነጭ። ከመጋረጃዎቹ ጋር ይሄዳል። ፋብሪካው እስከ ፌብ. 20 ለውጥ ይቀበላል፣ ከዚያ በኋላ ወይ ፍንክች።

ለምን ሐኪም ዘንድ አትሄድም ትለኛለህ። አብሮኝ ታክሲ ይነዳ የነበረ አንድ ሰው ሄደ። ራሴን ስቻለሁ ብሎ ተናገረ። እዚህ አገር ሐኪም እንዲህ ያለውን ለዲኤምቪ፣ ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ፣ ማሳወቅ አለበት። መንጃ ፈቃዱን ወሰዱት። ያ ሰውዬ አሁን መስኮት ዳር ተቀምጦ የሰው መኪና ያያል። እኔ የመኪና ቁልፌ ከወገቤ ወርዶ አያውቅም። ቀለበትህን ትረሳለህ፣ ቁልፍህን አትረሳም እያለች ት. ትስቅብኛለች። ያለ ቁልፉ ምን እንደምሆን አላውቅም። እፈራለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

እሑድ፣ ፌብ. 8

ከጸሎት እንደተመለስን ስልክ። እትዬ ዘነበች ናቸው፣ የኅብረቱ እናት፣ ሁላችንም የምንሰማቸው ሴት። ወዲህ ወዲያ ሰው የሚያስጨንቁ አይደሉም። ት.ን ፈልገው ነው። ት. ስትሰማ ቁጭ አለች።

በሕልማቸው ነጭ ትልቅ መኪና አይተዋል። ከኋላው ቤት ይጎትታል። ቁልቁለት ይወርዳል። የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው።

ክው አልኩ። መኪና ማዘዛችንን ማን ነገራቸው? ት. ነግራቸው ኖሯል፣ ለጸሎት ርእስ። ጥሩ። ነጩንም፣ ካምፐሯንም ያውቁ ነበር ማለት ነው። ግን ወንበሩን? ወንበሩን ማን ነገራቸው?

ት. እጄን ይዛ ጸለየች። አሜን አልኩ።

ሰኞ፣ ፌብ. 9

ት. አላንቀላፋችም። ጠዋት ውሳኔዋን አመጣች። ሕልሙ የታየው በነጭ መኪና ነው፣ ስለዚህ ነጩ ይቅር። ግራጫ።

ምን ልበላት? ባዶ ነው የተባለው ወንበር የእኔ ነው ልበላት? እሺ አልኩ። ያቤጽ ዘንድ ደወልኩ። ለምን አለኝ። ነጭ ቶሎ ይቆሽሻል አልኩት። ኦኬ ብሎ ቀየረ። ት. ለእትዬ ዘነበች የምሥራቹን ነገረቻቸው። ቀለሙን ብቻ? ብለው ስልኩን ዘጉብኝ አለችኝ።

ነጩ ግራጫ ሆነ። ቤታችን ሰላም ሆነ።

ረቡዕ፣ ፌብ. 11

ምንም። ሁለት ጊዜ በልቼ ወጣሁ፣ ምናልባት ረኃብ ይሆናል ብዬ። በየቀይ መብራቱ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። ከጎኔ ያለች ሴትዮ አየችኝ፣ ስልክ የማናግር አስመሰልኩ።

ደህና ነኝ። አንዴ ብቻ የሆነ ነገር ነው። አንዴ ማንም ሰው ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ፌብ. 14። ከሰዓት በኋላ።

መጻፍ አልፈልግም፣ ግን ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ አልሆነም ብዬ ራሴን አሳምናለሁ።

ያቤጽ ያዘዝነውን የሚመስል መኪና ለሙከራ ሰጠን። ነጭ ነበር። ት. ፊቷ ተለወጠ፣ ያቤጽ ግን ግራጫ የለም አለ፣ ገባች። እሷ ከኋላ፣ ያቤጽ ከጎኔ። ከቫን ናይስ ተነሥተን ፍሪዌይ፣ የፍጥነት መንገዱ፣ ገባን። መኪና አይደለም፣ ሳሎን ነው! ዳገቱን ሲወጣው አልተሰማንም። ት. ፍርሃቷን ረስታ መዝሙር ጀመረች፣ የሠርጋችንን መዝሙር። ቁልቁለቱን ያዝን። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

«ጋሼ! ኤግዚቱን እኮ ሚስ አደረግከው!»

መውጫውን አላየሁትም። ከዚያ በፊት የነበረውንም አላየሁም። ት. ሌላ መዝሙር ላይ ናት። የሠርጋችን መዝሙር መቼ አለቀ? መሪው በእጄ ውስጥ በራሱ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ መስመሩን ይዞ። መኪናው ነድቶናል። እኔ አልነበርኩም። ት. ከኋላዬ ዓይኗን ጨፍና ትዘምራለች።

ያቤጽ ምንም አልገባውም። መኪናው አፍዝዞት ነው ብሎ ሳቀ። ት. ጭራሽ ጫነችብኝ፣ ቀናሁ አለች፣ በእኔ እንዲህ ፈዝዘህ አታውቅም። ሁለቱ ይስቃሉ። እኔ በሚቀጥለው ኤግዚት ወጣሁ፣ ዳር ይዤ አቆምኩ፣ ጉልበቴን አሞኛል፣ አንተ መልሰን አልኩት። ጉልበቴ ምንም አልሆነም።

ካምፐሯ ከኋላ ብትሆን ኖሮ። ዝናብ ቢሆን ኖሮ። ፊታችን የቆመ መኪና ቢኖር ኖሮ። ት. እየዘመረች ነበር የምትሄደው።

ማክሰኞ፣ ፌብ. 17። ቀትር።

ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ እትዬ ዘነበች ዘንድ ሄድኩ፣ ኮሪያታውን፣ ከእህታቸው ልጅ ጋር የሚኖሩበት አፓርትማ። በአውቶቡስ። ቁልፉ ወገቤ ላይ ነው፣ መኪናው ደጅ ቆሟል፣ እኔ አውቶቡስ ላይ።

ሕልሙን እንደገና ይንገሩኝ አልኳቸው። በምን መጣህ ሲሉ ጠየቁኝ። በአውቶቡስ አልኩ። ቀና ብለው አዩኝ፣ እንባቸው መጣ።

ያን የቀይ መብራቱ ቀን እሳቸውም እዚያው ነበሩ። ፌርፋክስ ላይ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ፣ ዕቃቸውን ይዘው። መኪናዬን አወቁ፣ እጃቸውን አነሱልኝ። አላየሁም። አንገቴ ወደቀ። መስኮቴን ሊመቱ ተነሥተው ነበር፣ ጉልበታቸው አላደርስ አላቸው። ክላክሱ ሲበዛ ቀና አልኩ፣ ሄድኩ።

«የሞትክ መስሎኝ ነበር፣ መኮንን» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ሹፌር ለተባለ ሰው፣ አገር በሹፌርነቱ ለሚያውቀው ሰው፣ መንዳት አትችልም ብዬ በየት አፌ? ሚስቱን ባስደነግጣትስ? እያሉ ቀኑ ሄደ። ት. ስለ መኪናው ስትነግራቸው ባሰባቸው። ሕልሙን ያዩት በዚያው ሌሊት ነው።

እውነት ሕልም ነበር? አልኳቸው። አፍሬ ነው የጠየቅሁት።

«ሕልሙ እውነት ነው። ከየት እንደመጣብኝ ነው ያልተናገርኩት። ትሰማለህ፣ ይገባሃል ብዬ ነበር።» ከዚያ በእንባቸው መሃል ተቆጡ። «ቀለም ትቀይራላችሁ ብዬ እኔ በምን አውቄ!»

ሁለታችንም ሳቅን። ሳቁ ሳይታወቀኝ ለቅሶ ሆነብኝ። እንዲህ ያለቀስኩት መቼ እንደነበረ አላስታውስም። ቅዳሜ የሆነውንም ነገርኳቸው፣ ት. ከኋላ እንደነበረች። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ጸለዩ። ሲጨርሱ ዛሬውኑ ለሚስትህ ንገር አላሉኝም። የአውቶቡሱን ሰዓት ነገሩኝ፣ ደጅ ድረስ ሸኙኝ።

ረቡዕ፣ ፌብ. 18

አልነገርኳትም። እራት ላይ አፌን ከፈትኩ፣ እሷ ስለ ካምፐሯ ብርድ ልብስ ጀመረች። ዘጋሁት።

ሥራም በአውቶቡስ ነው የሄድኩት። መኪናው ድምፅ ያሰማል አልኳት። ጋራዥ ውሰደዋ አለች። ውሸት ውሸትን ይጠራል፣ ነገ ደግሞ ምን እላታለሁ?

ሐሙስ፣ ፌብ. 19። ከሰዓት በኋላ፣ ቤት።

ነገ ትእዛዙ ይዘጋል።

ጠዋት ለሐኪሜ ቢሮ ደወልኩ። ስልክ ያነሳችው ልጅ ለምንድን ነው አለችኝ። ለዓመታዊ ምርመራ ልል ነበር፣ ምላሴ ላይ ደርሷል። መኪና እየነዳሁ ራሴን ስቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ፣ አልኳት። በእንግሊዝኛ ሲሉት ቀላል ነው፣ የሌላ ሰው ጉዳይ ይመስላል። ሰኞ ጠዋት ያዘችልኝ። እስከዚያ እንዳትነዳ አለች። እሺ አልኩ። እንዲህ በቀላሉ እሺ እላለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ከዚያ ያቤጽ። ትእዛዙን ያዘው፣ ማምሻውን ትርሲት ትደውልልሃለች አልኩት። ነጭ ይሁን ግራጫ፣ ይምጣ ይቅር፣ እሷ ትወስናለች። እሷ እኮ ፍሪዌይ ላይ አትነዳም አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ሠፈር ውስጥ ብቻ ነው የምትነዳው፣ ትልቅ መንገድ ትፈራለች። እኔም እፈራለሁ፣ ምን ልዩነት አለን? ምናልባት መድኃኒት ይኖረዋል። ምናልባት ትማራለች። ምናልባት ካምፐሯን ሸጠን በባቡር እንሄዳለን፣ መጋረጃዎቹን ቤት እንሰቅላቸዋለን። አላውቅም።

ቁልፉን ከወገቤ ፈታሁት። መፍታቱ አስቸገረኝ፣ ቀለበቱ ዝጓል። የምግብ ጠረጴዛው መሃል፣ የጨው ዕቃው አጠገብ አስቀመጥኩት። ት. ከበሩ ስትገባ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። ቁልፍህ ለምን እዚህ ተቀመጠ ትለኛለች። ሌላ ነገር ብትል እንኳ እሱን ሳትጠይቅ አታልፍም፣ አውቃታለሁ።

የት. መኪና ደረሰች። በሩ ተዘጋ። ደረጃውን እየወጣች ነው፣ ታንጎራጉራለች፣ ያንኑ መዝሙር።

ልነሣ። ስትጠይቀኝ ተቀመጪ እላታለሁ፣ ከዚያ ከቀይ መብራቱ እጀምራለሁ።