ለላላው የደረጃ መደገፊያ ሠላሳ አንድ ልብ

«ውድ ነዋሪ፤ ስለ ደረጃው መደገፊያ የጻፉት መልእክት ረጅምና የግሩፑን መልካም ስሜት የሚያደፈርስ ሆኖ ስላገኘነው አንስተነዋል። ሠላሳ አንድ ልብ ስላገኘ ግን ጉዳዩ እንደተፈታ ቆጥረነዋል። መልካም ቀን!»

ለተከበሩ የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢና የግሩፓችን አድሚን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም ለጉልበትዎና ለእጅ አንጓዎ፤ በዚህ ሕንፃ ደረጃ ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸውና። ከላይ ያለው አንዲት ፊደል ሳልነካ የገለበጥኩት የእርስዎ ቃል ነው። ስለ አጭርነቱ አመሰግናለሁ። ቅሬታዬ ግን እንደ ልማዴ ረዘም ይላል።

1. ቀድሞ በኮምፒውተር የምንከፍተው የነዋሪዎች የውይይት ገጽ ነበረን። አንድ ጉዳይ በራሱ ርዕስ ሥር ይነሳል፤ እስኪፈታም ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ጡረተኛው ዳኛና የምድር ቤቱ ታክሲ ነጂ ስለሚያፈሰው ጣሪያ ሳምንት ሙሉ ተሟግተውበታል። ተሰዳድበውም ነበር፤ ቢሆንም አንዱ ሌላውን የሚሰድበው ጽሑፉን አንብቦ ነበር። ጣሪያውም ተደፈነ። እርስዎ «ዘመኑን እንምሰል» ብለው ገጹን ዘጉና ወደ ስልክ ግሩፕ አዛወሩን። አሁን ጠዋት የተነሳ ጉዳይ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ በኬክና በድመት ፎቶ ተቀብሮ ይቀራል። ለዚህ ሥልጣኔ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

2. የመደገፊያው ብሎኖች መላላታቸውን፣ አራተኛ ፎቅ የምትኖረው ታላቅ እህቴም ያለ እሱ መውረድ እንደማትችል ጻፍኩ። አንዱ ጎረቤታችን «ጋሼ፣ መጽሐፉ ይቅርብን፤ ፊልሙ ሲወጣ ንገረን» አለ። አንዷ ደግሞ «በድምፅ ይላኩልን እንጂ፣ ማን ያነባል ይሄን ሁሉ!» አለች። ሠላሳ አንዱ ሰው የልብ ምልክት አስቀምጦ አለፈ። የልብ ምልክትን እንደ ድጋፍ ድምፅ መቁጠር የለመደው ኮሚቴዎም ነዋሪው በመደገፊያው ደስተኛ ነው ብሎ ወሰነ።

3. መደገፊያው እህቴ እንደያዘችው ተነቀለ። ወድቃም የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ያ ፊልም ወዳድ ጎረቤታችን ቃሉን አላጠፈም፤ ቀረጻት። ደረጃው ላይ ተቀምጣ እጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ «ልጄ፣ ስልኩን ተወውና ደግፈኝ» ስትለው ይሰማል። አልተወውም። ቪዲዮውን ግሩፑ ላይ ሲለቀው ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው የእርስዎ የሚያለቅስ ቢጫ ፊት ነበር። ክቡር ሆይ፣ ብዙ አስቀያሚ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቢጫ እንባ ያቅለሸለሸኝ ግን የለም። የሚያለቅስ ፊት መርጦ ለመላክ እንዲህ የፈጠነ ጣት ብሎን ማጥበቅ እንዴት አቃተው?

እህቴን ከሐኪም ቤት በወንበር ተሸክመን ካስገባናት ወዲህ ከቤቷ አልወጣችም። ቀጠሮዋ በዚህ ወር ሃያ አንድ ነው፤ በእግሯ ወርዳ መሄድ ትፈልጋለች። ስለዚህ መደገፊያው ከዚያ በፊት መቼ እንደሚተከልና የውይይት ገጻችን መቼ እንደሚመለስልን፣ በወረቀት ላይ፣ በፊርማዎ፣ እስከ ወሩ ሃያኛ ቀን እንዲያሳውቁኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። በልብ፣ በአውራ ጣትም ሆነ በእንባ የሚሰጥ መልስ አልቀበልም።

ለማንበብ ለሚተርፍዎ ጊዜ ካለኝ ጥልቅ አክብሮት ጋር፣
የሦስተኛው ፎቅ ረጅም ጸሐፊ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መደገፊያው ከተነቀለበት ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። እንደ ልማድዎ ሊያነሱት ሲመጡ እባክዎ ይጠንቀቁ፤ የሚይዙት ነገር የለም።